አብሮ ያለመዘመር ትምህርት

ሰው ትዳር ሲፈልግ ሽማግሌ ይልካል፤ እኔም ላክሁ። ሦስት የተከበሩ ሰዎች ከረባታቸውን አስረው ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ወደሚገኘው ወደ ጋሽ ታደሰ ቤት ሄዱ። ደንቡ እሺ እስኪባሉ ድረስ እህል ውሃ አለመቅመስ ነው። የእኔዎቹ ግን ክትፎ ሲቀርብ ደንቡን ረሱት፤ ሁለት ሰዓት ተቀምጠው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ክትፎው ግሩም እንደነበር በዝርዝር ካስረዱኝ በኋላ ነው የእኔ ጉዳይ ትዝ ያላቸው።

የጋሽ ታደሰ መልስ አጭር ነበር። «ልጁ ክፉ አይደለም። ግን ጀምሮ የጨረሰው ነገር መኖሩን አላውቅም። ልጄ ከጀማመራቸው ነገሮች አንዷ እንድትሆን አልፈልግም።»

ልጃቸው ሰብለ ናት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ናይሮቢ ያደገች፣ የአባቷን ምግብ ቤት ቀጥ አድርጋ የያዘች ሴት ናት። እኔን ሁለት ዓመት ሙሉ ታግሳለች፤ ስለ ጽናቷ ሌላ ምስክር መጥራት አያስፈልግም።

ልቀየም ፈልጌ ነበር፤ ነገር ግን ለመቀየም የሚያበቃ ማስረጃ አጣሁ። ናይሮቢ ከመጣሁ ወዲህ ፈረንሳይኛ ጀምሬ ስሜን መናገር ላይ ቆሜያለሁ። መንጃ ፈቃድ ጀምሬ ወደ ኋላ መንዳት ላይ ሲደርስ ትቼዋለሁ፤ ወደፊት ብቻ መሄድ የሚፈልግ ሰው ካለ ዛሬም ላደርሰው እችላለሁ። ጊታር ገዝቼ አሁን ልብስ እሰቅልበታለሁ። ጠዋት ጠዋት መሮጥም ጀምሬ ነበር። አንድ ቀን ግን አንዲት አሮጊት የጎመን ቅርጫት በጀርባቸው እንዳዘሉ አልፈውኝ ሲሄዱ ስፖርት ለጤና አስፈላጊ አለመሆኑ ተገለጠልኝ።

በማግስቱ ዓይኔን በጨው አጥቤ ምግብ ቤቱ ሄድኩ። ጋሽ ታደሰ ከገንዘብ መቀበያው ጀርባ ተቀምጠው ሬዲዮ ያዳምጣሉ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ጀምሬ ብጨርስስ?» አልኳቸው።

«ምን?»

«ምንም ይሁን።»

ሬዲዮውን ዝቅ አደረጉት። «ምንም ይሁን። ግን ሲያልቅ በዓይኔ ልየው። ጨርሻለሁ ብለህ እንድትነግረኝ አልፈልግም።»

አስተዋይ ሰው እዚህ ላይ ወደ መንጃ ፈቃዱ ይመለሳል። እኔ የምሠራው ጊጊሪ አንድ ድርጅት ውስጥ ነው፤ ሰነድ እተረጉማለሁ። በዚያው ሳምንት የድርጅቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ በሚሸጥ ፍሪጅና በጠፋች ድመት መካከል፣ አንድ ወረቀት ተለጥፎ አየሁ። በአውሮፓ የህዳሴ ዘመን፣ ማለትም የዛሬ አራት መቶ፣ አምስት መቶ ዓመት ገደማ፣ ይዘመር የነበረውን መዝሙር በዚያው ዘመን መጻሕፍትና በዚያው ዘመን አሠራር መማር የሚፈልግ ሰው ሩንዳ ሰፈር ድረስ ይምጣ ይላል። ከሦስት ወር በኋላ ለሕዝብ ይቀርባል። ልምድ አያስፈልግም።

ልምድ አያስፈልግም የሚለውን ሳነብ ስለ እኔ የተጻፈ መሰለኝ። ደግሞስ በልጅነቴ ሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ እስከመምታት የደረስኩ ሰው አይደለሁም? መጨረሻውም በቀን የተቆረጠ ነው፤ ባልጨርስ እንኳ ቀኑ ራሱ ይጨርስልኛል።

ለሰብለ ነገርኳት።

«ሲሪየስሊ?» አለች። «ድራይቪንግ ላይሰንስህን ብትጨርስ አይሻልም? የቀረህ እኮ ሪቨርስ ብቻ ነው።»

ምክንያታዊ ሐሳብ ነበር፤ ስለዚህ አልተቀበልኩትም።

ሩንዳ ያለው ቤት የሚስ ዶሮቲ ነው። ሚስ ዶሮቲ ሃምሳ ዓመት ገደማ የሆናት፣ ከማንም ጋር ስትነጋገር ዓይኗን ጨፍና የምታዳምጥ እንግሊዛዊት ናት። «የመዘምራን ቡድኑ» የሚባለው እሷ፣ ዋንጂሩ የምትባል ቀጭን ድምፅ ያላት ነርስ፣ ኦቲየኖ የሚባል የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሙዚቃ መምህር፣ እና ያቺ የማስታወቂያ ወረቀት ያመጣችኝ እኔ ነን። አራት ነን። መዝሙሩ አራት ድምፅ ይፈልጋል። ማምለጫ እንደሌለኝ ያን ጊዜ ማስላት ነበረብኝ።

የእኛ መዝሙር አንድ ቃል ብቻ ነው ያለው፤ «አሌሉያ»፣ ያው የእኛው ሃሌ ሉያ። ደስ አለኝ። ቃሉን ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ እንግዲህ ምን ቀረ ብዬ ወረቀቴን ተቀበልኩ።

ወረቀቱ ላይ ባቅላቫ ተቆራርጦ የተበተነ የሚመስል ነገር አለ። ኖታ ነው ተባልኩ። ዛሬ በየመጽሐፉ እንደምናየው በመስመር ተከፋፍሎ አልተቀመጠም፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ወጥ ጉዞ ነው፤ የት እንደደረስክ የምታውቀው በልብህ ከቆጠርክ ብቻ ነው። ይባስ ብሎ የእኔ ወረቀት ላይ ያለው የእኔ ብቻ ነው። ኦቲየኖ ምን እንደሚል አላውቅም፤ እሱም የእኔን አያውቅም።

«የሌሎቹን የማየው የት ነው?» አልኩ።

«አታይም። ትሰማለህ» አለች ሚስ ዶሮቲ ዓይኗን ጨፍና። «ያን ጊዜ የነበሩት እንደዚህ ነበር የሚዘምሩት።»

«አሁን በደንብ የታተመ፣ የአራቱንም አንድ ላይ የያዘ የለም?»

«አለ። አልሰጥህም።»

በተጨማሪ የአንድ ጥንታዊ መጽሐፍ የእንግሊዝኛ ትርጉም ፎቶኮፒ አስታቀፈችን። መጽሐፉ የሚያስተምረው ካውንተርፖይንት የሚባለውን ጥበብ ነው፤ አንድ ዜማ በራሱ መንገድ ሲሄድ ሌላው ከጎኑ በሌላ መንገድ የሚሄድበት፣ ሆኖም የማይጣሉበት ዘዴ ነው። የተጻፈው በመምህርና በተማሪ ጭውውት መልክ ነው። ሁለት ድምፆች አምስት ደረጃ ከተራራቁ ያንኑ ርቀት እንደጠበቁ አብረው ወደ ሌላ ቦታ መሄድ ክልክል ነው። ስምንትም እንዲሁ። ሦስትና ስድስት ደህና ናቸው። አንዱ ሲወጣ ሌላው ቢወርድ ይመሰገናል። አራትን በተመለከተ ግን መምህሩ በአንድ ገጽ ይባርካታል፣ በሚቀጥለው ከቤት ያስወጣታል። ተማሪው በየገጹ ግርጌ አሁን በራልኝ መምህሬ ይላል። ምኑ እንደበራለት እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ይህን ተማሪ የጠላሁትን ያህል በሕይወቴ የጠላሁት ሰው ጥቂት ነው፤ ከሞተ ብዙ መቶ ዓመት የሆነው መሆኑም አላበረደልኝም።

ከዚያ እጅ መጣ። የጥንት ልጆች ዜማ የሚማሩት በግራ እጃቸው ነበር አሉ፤ እያንዳንዱ የጣት አንጓ የአንድ ድምፅ ቤት ነው። ከአውራ ጣት ጫፍ ትጀምርና ወደ መዳፍ ትወርዳለህ፣ በጣቶቹ ሥር ታልፋለህ፣ በትንሿ ጣት ትወጣለህ፣ እንደገና ትዞራለህ። የመጨረሻው ድምፅ አንጓ ስላልተረፈለት ከመካከለኛው ጣት በላይ አየር ላይ ነው የሚኖረው። ማስታወስ የሚቀለው እንዲህ ነው ተባልን።

እኔ የምለማመድበት ሌላ ጊዜ ስለሌለኝ ጠዋት ጠዋት ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ የጣቶቼን አንጓ እየነካሁ ማንጎራጎር ያዝኩ። አንድ ቀን አየር ላይ የሚኖረውን ድምፅ ፍለጋ ጣቴን ወደ ላይ ስቀስር አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ቦርሳዋን አቅፋ ወደ መስኮቱ ተጠጋች።

ረዳቱ ጎንበስ አለ። «ምዜ፣ ኡኮ ሳዋ?» አባት፣ ደህና ነህ ወይ ማለቱ ነው።

«ሙዚቃ እየተማርኩ ነው» አልኩት።

ለሾፌሩ አንድ ነገር ተናገረ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገዱ ላይ እንደቆምኩ እያዩኝ ያልፉኝ ጀመር።

ይህ ሁሉ ቀላሉ ነው። ከባዱ ኦቲየኖ ነው።

እኔ ያደግሁበት ቤተ ክርስቲያን መዝሙርን የሚለው በአንድ ዜማ ነው። ሺህ ሰው ቢሰበሰብ ሺህ ሰው አንድ ዜማ። መሪው ያነሳል፣ ሌላው ይቀበላል። ከጓደኞችህ የተለየ ድምፅ ያወጣህ እንደሆነ ተሳስተሃል ማለት ነው፤ ጆሮህን ይዘው ወደ ዜማው ይመልሱሃል። ዶርዜ ተወልጄ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ መከራ ባልደረሰብኝ፤ ዶርዜዎች በአምስትና በስድስት ድምፅ እየተቀባበሉ፣ ማንም ማንንም ሳይከተል ሲዘፍኑ በቴሌቪዥን አይቻለሁ። እኔ ግን የተወለድኩት ደብረ ብርሃን ነው።

እና ኦቲየኖ ያን ወፍራም ድምፁን አጠገቤ ሲለቀው እኔ ሳላስበው የራሴን ጥዬ ወደሱ እሄዳለሁ። ዋንጂሩ ከበረታች ወደ ዋንጂሩ። ሚስ ዶሮቲ ወደ እኔ ዞራ ስታዳምጥ ወደ ሚስ ዶሮቲ።

«ለምንድን ነው ሁልጊዜ ኦቲየኖን የምትከተለው?» አለችኝ በአምስተኛው ሳምንት።

እውነቱን ነገርኳት። «በዕድሜ ይበልጠኛል።»

«ንዱጉ ያንጉ» አለ ኦቲየኖ፣ ወንድሜ ሆይ ማለት ነው፣ ትከሻዬን ይዞ። «በጣም እወድሃለሁ። ግን ወደ ቤትህ ግባ።»

ጥጥ በጆሮዬ ከተትኩ፤ ራሴንም መስማት አቃተኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞሩኝ። አንድ ቀን ማድ ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ እንድዘምር ተደረግሁ፤ ያን ቀን ትክክል ሆንኩ፤ ነገር ግን የሚስ ዶሮቲ ምግብ አብሳይ ማንጎራጎር ስትጀምር እሷን ተከተልኳት።

በመጨረሻ ከሰብለ ጋር ምግብ ቤቱ ውስጥ፣ ከምሳ በኋላ ሰው በማይኖርበት ሰዓት፣ እንለማመድ ያዝን። እሷ ኦቲየኖ ባዋሰኝ ወረቀት የእሱን ክፍል ትይዛለች፣ እኔ የራሴን። አንድ ቀን ለአንዴ ተሳክቶልን ስንጓዝ ጋሽ ታደሰ ከጓዳ ወጡ። ጋሽ ታደሰ በልጅነታቸው ጥቂት ዓመት የዜማ ትምህርት ቤት ገብተዋል፤ ኋላ ወደ ንግድ ቢዞሩም ጆሯቸው እዚያው ቀርቷል።

«ማነው የተሳሳተው?» አሉ።

«ማንም፣ አባዬ» አለች ሰብለ።

«እሷ ሌላ ትላለች፣ አንተ ሌላ ትላለህ። ከሁለት አንዳችሁ ተሳስታችኋል።»

«ጋሼ፣ መለያየቱ ራሱ ነው ትምህርቱ» አልኩ።

«ለመለያየት ነው ሩንዳ ድረስ የምትሄደው?» አሉና ወደ ጓዳ ተመለሱ። ሰብለ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ሳቀች። እኔ ግን ቀን ቆጠርኩ። ከሦስት ወሩ የቀረኝ ሁለት ሳምንት ነበር፤ ይህን ሳልጨርስ ከቀረሁ ሰብለን ሁለተኛ አልጠይቅም፣ መጠየቂያ አፍም አይኖረኝም። የምትታገሰኝ ሴት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተሰጠችኝ፤ በራሴ ስንፍና ላጣት ነው እያልኩ ሌላው ቀርቶ ፎቶኮፒውን ታቅፌ መተኛት ጀመርኩ።

ቀኑ ደረሰ። እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሩንዳ፣ የሰፈሩ ነዋሪዎች አዳራሽ። ሞባይል ስልክ ገና ፎቶ ማንሳት ያልተማረበት ዘመን ስለነበር ፈጣሪን አመሰግናለሁ። የዲፕሎማት ቤተሰቦች እግራቸውን አጣምረው ተቀምጠዋል። እኔ የጠራሁት ጋሽ ታደሰንና ሰብለን ብቻ ነው። ጋሽ ታደሰ ግን ያገራቸው ልጅ በባዕድ ፊት ሲቆም ለብቻቸው ሄደው አያውቁም፤ አሥራ ሁለት ሰው ይዘው መጡ። ነጠላቸውን ያጣፉ እናቶች፣ ሦስቱ ሽማግሌዎቼ ሳይቀሩ፣ ሦስተኛውን ረድፍ ሞሉት።

መዝሙሩ አጀማመሩ እንዲህ ነው። ዋንጂሩ ዜማውን ትጀምራለች። ጥቂት እንደሄደች ሚስ ዶሮቲ ያንኑ ዜማ ከመጀመሪያው ታነሳለች፣ ዋንጂሩ ግን ወደፊት ትቀጥላለች። ከዚያ እኔ ያንኑ አነሳለሁ። በመጨረሻ ኦቲየኖ። ዋንጂሩ ጀመረች፤ እንዴት ያምራል መሰላችሁ። ሚስ ዶሮቲ ገባች። ሁለቱን ሳዳምጥ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያ መጽሐፍ ሊናገር የፈለገው ነገር ገባኝ፤ ሁለት ሰዎች በየራሳቸው እየሄዱ እንዴት አንድ ነገር እንደሚሆኑ ሰማሁ። እንባዬ ሊመጣ ደረሰ። እናም በራልኝ እያልኩ ስደነቅ የምገባበት ቦታ አለፈ።

ኦቲየኖ በክርኑ ነካኝ። አፌን ከፈትኩ፤ ምንም የለም።

ከሦስተኛው ረድፍ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ጋሽ ታደሰ እንግሊዝኛ ላይሰሙ ይችላሉ፣ ሃሌ ሉያ ግን በየትም አገር ሃሌ ሉያ ነው። ዜማውን ሁለቴ ሰምተውታል፤ ሁለቴ ለሳቸው ብዙ ነው። መሪው ሲጠፋበት አጠገቡ ያለ ሰው ያነሳለታል፤ የተማሩት እንደዚያ ነው። ከወንበራቸው ተነሱና በዚያ በሰፊ ድምፃቸው አነሱት። አሥራ ሁለቱ ሰዎች ተነስተው ተቀበሏቸው። ሁለተኛው ዙር ላይ ጭብጨባ ተጨመረ። ሦስተኛው ላይ ከእናቶቹ አንዷ እልል አለች። ኦቲየኖ እንኳ፣ እንደዚያ ሲመክረኝ የነበረው ሰውዬ፣ ቤቱን ጥሎ ወጥቶ አብሯቸው ይዘምር ጀመር። ዲፕሎማቶቹ ይህም የዝግጅቱ አካል መስሏቸው በትሕትና አጨበጨቡ። አራት መቶ ዓመት ለየብቻ የኖሩ አራት ድምፆች በጋሽ ታደሰ መሪነት በሁለት ደቂቃ ታርቀው አንድ ሆኑ።

ሲያበቃ ሚስ ዶሮቲ ዓይኗን ገለጠች። ወደ ሦስተኛው ረድፍ ወርዳ ሄደች፤ ሰብለ ተነስታ አስተረጎመች።

«በጣም ድንቅ ድምፅ አለዎት» አለች ሚስ ዶሮቲ። «ግን እኛ እያንዳንዳችን የየራሳችንን መንገድ ነው የምንሄደው። እንደገና ልንጀምረው ነው።»

«ልጁ እኮ ጠፍቶበት ነው» አሉ ጋሽ ታደሰ።

«አዎ። ይጥፋበት። እርስዎ አያንሱለት።»

ጋሽ ታደሰ ቀና ብለው አዩኝ። መድረኩ በስተግራ በኩል ትንሽ በር ነበረች፤ ወደ መኪና ማቆሚያው ታወጣለች፤ ሳያት ቆይቻለሁ። እግሬ ወደሷ አንድ እርምጃ ሄዶ ነበር። ሰብለ ከታች ሆና እያየችኝ ነው። ምንም ምልክት አልሰጠችኝም፤ ሂድም ቁምም አላለችኝም። እግሬን መለስኩት።

«ይሁን» አሉና ጋሽ ታደሰ ተቀመጡ። አሥራ ሁለቱም ተቀመጡ።

እንደገና ተጀመረ። ዋንጂሩ። ሚስ ዶሮቲ። እኔ ገባሁ፤ ገባሁ ስል ዘግይቼ ነው። ምን ያህል እንደዘገየሁ አላወቅሁም፤ ነገር ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሦስቱ አንድ ቦታ፣ እኔ ሌላ ቦታ ነበርኩ። መጽሐፉ የከለከለውን ሁሉ አንድ በአንድ ፈጸምን። ከአውሮፓውያኑ አንደኛው ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ኦቲየኖ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ነፍሴ ወደሱ ተጎተተች፤ አልሄድኩም። ወረቀቴ ላይ ዓይኔን ተክዬ ባቅላቫዬን አንድ በአንድ ለቀምኩ።

በመጨረሻም ሦስቱ ደረሱ። የመጨረሻው ድምፃቸው አዳራሹን ሞላው፣ ከሰመ፣ ሚስ ዶሮቲ እጇን አወረደች። እኔ ወረቀቴን አየሁ። ገና ሁለት አሌሉያ ይቀረኛል።

ጤነኛ ሰው አፉን ዘግቶ እጅ ይነሳል። ዋንጂሩ በቃ በሚል ዓይን ጠቀሰችኝ። አንድ ሁለት ሰው ማጨብጨብ ጀምሮ ነበር። እኔ ግን ብቻዬን አንደኛውን አሌሉያ አልኩ። አጨብጫቢዎቹ አቆሙ። ሁለተኛውን አልኩ። የመጨረሻዋን ኖታ እስከ ሙሉ ልኳ ይዤ ቆጠርኩና ለቀቅኋት። ወረቀቴን አጠፍኩ። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም፣ እንደዚያ ደስ ብሎኝም አላውቅም።

ስንወጣ መኪና ማቆሚያው ላይ ሽማግሌዎቼ ሊያዩኝ አልፈለጉም። ሰብለ መጥታ ክንዴን ያዘች፤ ሳቋን ለመዋጥ ስትታገል እንባዋ ፈሷል። ጋሽ ታደሰ ባርኔጣቸውን እያስተካከሉ ቀስ ብለው ደረሱ።

«ሌሎቹ ካበቁ በኋላ ያልከው ወረቀትህ ላይ ያለ ነው?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ። ሁለት ሃሌ ሉያ ቀርቶኝ ነበር።»

«ሦስት ነው ያልከው። አንዷን ደግመሃታል።»

የመኪናቸውን በር ከፈቱ፣ ገብተው ተቀመጡ፣ መስኮቱን ዝቅ አደረጉ። የሚያዩት የመኪናውን መሪ እንጂ እኔን አይደለም።

«ሦስቱ ሽማግሌዎችህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይምጡ» አሉ። «በዚህኛው ዙር እህል የሚቀርብላቸው እሺ ካልኩ በኋላ ነው። ሰብለ ደግሞ ክትፎውን ታዘጋጅ።»